ድምፁን ቀንሰው!

መስከረም ጠብቶ፣ መስቀልም አልፎ እኔ ጌዶ ነኝ። ጌዶን ለማታውቋት፦ ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሆለታን፣ ጊንጪን፣ አምቦንና ጉደርን አልፋችሁ በነቀምቴው መንገድ ስትገሰግሱ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምታገኟት ደጋ ከተማ ናት። ወደ ፊንጫ የሚወስደው መንገድ የሚገነጠለው እዚሁ ነው። መንገደኛ ሻይ ጠጥቶባት ያልፋል እንጂ ብዙ አያድርባትም። እኔ ግን ተወልጄ ያደግሁባት፣ እናቴም እስከ ዛሬ ያለችባት ከተማ ስለሆነች ዝናቡ ሲያባራ እየመጣሁ ጥቂት ቀን አድርባታለሁ። ድሮ በየዓመቱ ነበር፤ በእነዚህ በቅርብ ዓመታት መንገዱ እንደ ልብ ስለማያስኬድ አንዳንዱን መስከረም በስልክ ነው ያሳለፍኩት።

የምመጣው ለእናቴ ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ለመናገር ለራሴም ነው። ክረምቱን ሙሉ ጉም ተከናንባ የከረመች ከተማ አንድ ማለዳ ጉሟን ስትጥል ማየት ትልቅ ነገር ነው። እኛ አደይ አበባ የምንለው፣ የአገሬው ሰው ኬሎ የሚለው አበባ ሜዳውን ሞልቶታል። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነው። ሲመሽ ብርዱ ስለሚበረታ በጊዜ ቤት እንገባለን። እናቴ ምድጃው አጠገብ ትቀመጣለች፤ እኔ ከአባቴ መደርደሪያ አንድ መጽሐፍ አወርድና ስልኬ ላይ የጫንኩትን ሙዚቃ በትንሽ ድምፅ ማጉያ እከፍታለሁ። ቃል የሌለው፣ ፒያኖ ወይም ቫዮሊን ብቻ የሆነ ሙዚቃ። ከዚህ የሚበልጥ ደስታ አለ ቢሉኝ እከራከራለሁ።

ታዲያ አንዲት ነገር አለች። ሙዚቃው በተከፈተ በደቂቃ ውስጥ እናቴ "ድምፁን ቀንሰው" ትለኛለች። ዝቅ አድርጌ ብከፍተውም ያው ነው። ከዚያ ትነሳና መስኮቱን ትዘጋለች። ዛሬ ላወጋችሁ የፈለግሁት ስለዚህች "ድምፁን ቀንሰው" ነው። ታሪኳ ከእናቴም፣ ከጌዶም ይረዝማል።

መጀመሪያ ግን ስለ ወቅቱ ስም ትንሽ ልከራከር። የቀድሞ የሥነ ጽሑፍ መምህር ክፉ አመሉ ይኸው ነው፤ ሰው በአበባው ሲደሰት እሱ በስሙ ይጨቃጨቃል። አደይ የሚፈነዳበትን ወቅት "ጸደይ" የምንል ብዙዎች ነን። በዘፈኑም፣ በመልካም ምኞት ካርዱም ጸደይ ነው። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ስሙ መፀው ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ አበባን ከጸደይ ጋር አቆራኝቶ ስላስተማረን፣ እኛም የራሳችንን አበባ አይተን የሰው ስም ሰጠነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በወር ከቆጠራችሁት መፀው የሚገጥመው ፈረንጆቹ ቅጠል ከሚረግፍባቸው ወቅት ጋር ነው። ኦሮምኛው በዚህ በኩል አይወላገድም፤ ይህን ወቅት ብራ ይለዋል። እኛም በአማርኛ ሰማዩ ሲጠራ "ብራ ሆነ" እንላለን።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የፈረንጅ መፀው ሰው ወደ ቤት የሚገባበት ነው። ቀኑ ያጥራል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፤ ሰውየው እሳቱን አንድዶ፣ መጽሐፉን ይዞ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ ይቀመጣል። የእኛ መፀው ደግሞ ሰው ከክረምት እስሩ ተፈትቶ የሚወጣበት ነው። ታዲያ አባቴ ለምን ይሆን መፀው ሲመጣ ቤት ገብቶ፣ መስኮት ዘግቶ ያነብና ያዳምጥ የነበረው?

ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ ሙዚቃው ልበል። ልጅ ሆኜ ክላሲካል ሙዚቃ ማለት የሞት ዜና ነበር። ራዲዮኑ ዘፈኑን ትቶ ቃል የሌለው የኦርኬስትራ ሙዚቃ ማንቆርቆር ከጀመረ እናቴ የያዘችውን ሁሉ አስቀምጣ "ደግሞ ማን ሞተ?" ትላለች። የእኛ ቤት አመል ብቻ ይመስለኝ ነበር። በኋላ ከስንቱ የአገር ልጅ ጋር ሳወጋ በየቤቱ አንዲት "ማን ሞተ?" ባይ እናት እንደነበረች ተረዳሁ።

ይህ ፍርሃት ከሙዚቃው የመጣ አይመስለኝም፤ ከአገባቡ ነው። የአውሮፓ የሙዚቃ መሣሪያ ወደ አገራችን የገባው በቤተ መንግሥት በር ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ ሁለተኛ ለዳግማዊ ምኒልክ የላኩት የነፋስ መሣሪያ ለማርሽ የሚሆን ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን ባንድ ሰምተው ወደዱና ልጆቹን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ ታሪክ "አርባ ልጆች" እያለ የሚያነሳቸው እነሱን ነው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የደረሱት መዝሙር ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ላይ ተሰማ። ልብ በሉ፣ ጥቅምት ነው፤ መፀው ነው። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የጦር ሠራዊቱ፣ የፖሊሱ ኦርኬስትራ እያለ ቀጠለ። ሙዚቃው ሁሉ መለዮ የለበሰ ነበር ማለት ይቻላል። ቆመን የምንሰማው እንጂ ቁጭ ብለን የምናጣጥመው ሳይሆን ቀረ። መንግሥት ያመጣውን ሙዚቃ መንግሥት ሲያሰማን "ምን ሊነግረን ነው?" ብለን ብንደነግጥ ማን ይፈርድብናል?

ከመለዮው አውጥተው የራሳችን ሊያደርጉት የደከሙ አልጠፉም። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ አንዷ ናቸው። በታኅሣሥ 1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር አሲናራ ወደሚባል ደሴት ተጋዙ። ከነጻነት በኋላ ካይሮ ላይ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ቫዮሊን ተጫዋች ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ፤ ፒያኖውን ግን ጨርሰው አልተዉትም። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር የታተመው ሸክላቸው ዛሬ ዓለም በሙሉ የሚፈልገው ሆኗል። ጣታቸው ፒያኖው ላይ ሲሄድ ቤተ ክህነቱና የአውሮፓ ሳሎን አንድ ላይ ይሰማል።

ሌላው አሸናፊ ከበደ ናቸው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መሥራችና የመጀመሪያ ዳይሬክተር ነበሩ። ልብ ወለድ ጽፈዋል፣ ኦርኬስትራ መርተዋል፤ የእረኛውን ዋሽንት ከአውሮፓ ባለ ክር መሣሪያዎች፣ ከእነ ቫዮሊን ጋር አጣምረው ደርሰዋል። እዚህ ጌዶ አካባቢ ከብት ሲጠብቅ ዋሽንት ነፍቶ ያደገ ሰው ያን ድርሰት ቢሰማ "ይህንስ አውቀዋለሁ" ይላል። ግን ሁለቱም አገራቸው ላይ አላረፉም። አሸናፊ በ1990 ዓ.ም. አሜሪካ ሞቱ። እማሆይ በደርግ ዘመን ኢየሩሳሌም ወዳለው የኢትዮጵያ ገዳም ሄደው፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው እዚያው አረፉ። ሙዚቃውን ወደ ቤታችን ሊያስገቡ የደከሙት ሰዎች ራሳቸው ከቤት ርቀው ቀሩ።

እዚህ ላይ "ምን ያስጨንቅሃል፣ ፒያኖና ቫዮሊን እኮ የፈረንጅ ነው" የሚለኝ አይጠፋም። መሣሪያው ይሁን። ነገር ግን ወቅትን በዜማና በመጽሐፍ መቀበል የፈረንጅ ነው የሚለኝን አልሰማም። ቪቫልዲ አራቱን ወቅቶች እ.ኤ.አ. በ1725 አምስተርዳም ላይ ሲያሳትም የመፀውን ክፍል በገበሬ ጭፈራ ይጀምርና በአደን ይጨርሰዋል፤ ግሩም ሥራ ነው። የእኛው ያሬድ ግን በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገብረ መስቀል ጊዜ፣ የዓመቱን ዜማ በየበዓሉና በየወቅቱ ከፋፍሎ ሰጥቶናል። ድጓ መጽሐፍ ነው፤ ድጓ ሙዚቃም ነው። ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ተቀምጧል፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። መፀው በሚገባበት በመስከረም 26 ወርኃ ጽጌም አብሮ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5 ድረስ 40 ቀን። ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሙሉ የአባ ጽጌ ድንግል ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል። የሚያነሳው አበባን ብቻ አይምሰላችሁ። እናት ልጇን ታቅፋ፣ ከሄሮድስ ሸሽታ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን ዘመን ነው። አበባና ስደት በአንድ ዜማ። ከመስቀል በኋላ ደግሞ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ላይ ሕዝቡ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ፣ እየዘመረ የጨለማውን ክረምት ላሻገረው አምላክ ምስጋና ያቀርባል፤ ኢሬቻ ነው። እንግዲህ መፀው ሲገባ ዝም ብለን የተቀመጥንበት ዘመን የለም።

አሁን ወደ አባቴ። አባቴ መምህር ነበር። የከተማው ሰው "ባርሲሳ" ይለዋል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። የተማረው አምቦ ስለሆነ የአምቦ አየር ጸሐፊ ያበቅላል ብሎ ያምን ነበር። ማስረጃው አንድ ሰው ነው፤ ከአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅን። ጸጋዬ አምቦ ተማሪ ሳለ ቲያትር ጽፎ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታየለት የሚባለውን ታሪክ አባቴ ለየክፍሉ በየዓመቱ ይተርከው ነበር። ደመወዙ ሲወጣ የአስቤዛውን ለእናቴ ሰጥቶ፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ፈልጎ መጽሐፍ ያስገዛል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሣጥን ሞላ።

በ1970 ዓ.ም. ክረምት ስምንት ዓመቴ ነበር። ቀይ ሽብር የሚለውን ቃል ከማወቄ በፊት ነገሩን በቤታችን ዝምታ አወቅሁት። አሰሳ ይመጣል ተባለ። አባቴ ከምንም ድርጅት አልነበረም፤ ግን መጽሐፍ ነበረው። በዚያ ዘመን ችግሩ የትኛው መጽሐፍ እንደሚያስጠይቅ አለመታወቁ ነበር። የአቤ ጉበኛ "አልወለድም" በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ የንጉሡ መንግሥት የከለከለው መጽሐፍ ነው፤ ንጉሡ ሲወርዱ ነጻ ወጣ ወይስ አልወጣም? የጎርኪ "እናት" ሞስኮ የታተመ ነው፤ ሞስኮ ደግሞ ወዳጅ ናት። ግን የሚፈትሸው ልጅ እንግሊዝኛውን ባያነብስ? የጸጋዬ "እሳት ወይ አበባ" ርዕሱ ውስጥ እሳት አለ። ሼክስፒርስ ምን ሊባል ነው? ሰው በማይጣራበት ጊዜ መጽሐፍ አይጣራም። አባቴ ሁሉንም ቀበራቸው።

ሌሊት ነው። ዝናቡ ይወርዳል። ጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ጉድጓድ ቆፈረ። እናቴ ፋኖሱን በነጠላዋ ጋርዳ ያዘችለት። መጻሕፍቱን የማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ከትቶ፣ በላስቲክ ጠቅልሎ አፈር መለሰበት። እኔ የተኛሁ መስዬ በበሩ ቀዳዳ አይ ነበር። ሰው የቀበሩ መስሎኝ እስኪነጋ ስንቀጠቀጥ አደርኩ።

አሰሳው መጣ። አልጋ አገላብጠው፣ አንድ መዝገበ ቃላትና የእኔን ደብተር ገልጠው አይተው ሄዱ። ጥቅምት ሲብት አባቴ ጆንያውን አወጣ። የጌዶ ክረምት ላስቲክ ያቆመዋል እንዴ? ግማሹ ገንፎ ሆኗል። የተረፈውን ማድረቅ ያስፈልጋል፤ ለማድረቅ ፀሐይ ያስፈልጋል፤ ፀሐዩ ያለው ደጅ ነው፤ ደጅ ደጃፍ አላፊ አለ። እናቴ ናት ዘዴውን ያመጣችው። ጥቅምት የበርበሬ ማስጫ ጊዜ ስለሆነ ሰሌኑን ዘርግታ፣ ገጾቹን ከሥር አንጥፋ፣ ከላይ በርበሬ አሰጣችበት። ቀን ቀን በርበሬውን ታገላብጣለች፤ በዚያው ገጹን ታገላብጣለች።

አንድ ቀን ጎረቤታችን የነበሩ ሽማግሌ አጥሩ ላይ ተደግፈው ስጡን ረጅም ሰዓት አዩት። ነፋስ አንዱን ወረቀት ጫፉን አንስቶታል። አባቴ ደርቆ ቀረ። ሽማግሌው ምን ቢሉ ጥሩ ነው?

"ባርሲሳ፣ የዘንድሮ በርበሬህ ቅጠሉ በዛ።"

ከዚያ ምርኩዛቸውን አንስተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ለማንም አልተናገሩም። ማንበብ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ዛሬ ከአባቴ መደርደሪያ ላይ ያሉት መጻሕፍት ያሉት በእሳቸው ዝምታ ነው። "እሳት ወይ አበባን" በገለጥኩ ቁጥር ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው በርበሬ አሁንም ያስነጥሰኛል። እናቴ "ይማርህ" ትላለች።

መጽሐፉ ይኸው። ሙዚቃውስ?

አባቴ ናሽናል ራዲዮ ነበረው። ሰዓቱ ሲደርስ በር ይዘጋል፣ መስኮት ይዘጋል፤ አባቴ ጆሮውን ራዲዮኑ ላይ ለጥፎ ቁልፏን በቀስታ ያዞራል። ከአጭር ሞገዱ ጩኸት መሀል አንዲት ዜማ ትወጣለች። ትንንሽ ደወሎች የሚንኳኩ የሚመስል፣ አጭር፣ ደጋግማ የምትመላለስ። ከዚያ "የጀርመን ድምፅ" በአማርኛ ይጀምራል። ዶቸ ቬለ በአማርኛ ማሰራጨት የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ስለሆነ አባቴ የቆየ ደንበኛ ነበር። በደርግ ጊዜ ግን ውጭ አገር ራዲዮ ሲሰሙ መገኘት ስም ያሰጥ ስለነበር እናቴ ሥራዋ አንድ ሆነ፤ "ድምፁን ቀንሰው" ማለት።

ያቺን ዜማ ወደድኳት። አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ስሄድ በፉጨት ጀመርኳት። ከመንገድ የደረሰችብኝ እናቴ ጭኔን የቆነጠጠችኝ ቁንጥጫ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። "ይቺን ዜማ ከቤት ውጪ እንዳታፏጭ!" ልክ ነበረች። ዜማዋን የሚያውቅ ሰው ፉጨቴን ሲሰማ ቤታችን ማታ ማታ ምን እንደሚደረግ ያውቃል። ራዲዮኑን ለመደበቅ መስኮት ይዘጋል፤ የልጅ አፍ ግን መስኮት የለውም።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆንኩ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአንድ ወዳጄ የተዋስኩትን የኦፔራ ካሴት ማታ ማታ እያዳመጥኩ ፈተና አርማለሁ። የቤትሆቨን "ፊዴሊዮ" ነው። ወደ መጨረሻው ሲደርስ ቀይ እስክሪብቶዬ ከእጄ ወደቀ። ያቺ የተቆነጠጥኩባት ዜማ! አጥንቼ ሳጣራ እውነት ሆኖ ተገኘ፤ ዶቸ ቬለ መለያ ዜማውን የወሰደው ከ"ፊዴሊዮ" ነው፤ በራዲዮ የምንሰማው ሴሌስታ በሚባል ደወል መሰል መሣሪያ ተመትቶ ነው። ለካ እኛ ክላሲካል ሙዚቃ ቤታችን አልገባም ስንል፣ እሱ መስኮት ተዘግቶለት ማታ ማታ ይገባ ኖሯል። ቤትሆቨንን በማፏጨት የተቆነጠጠ የጌዶ ልጅ ከእኔ ሌላ ካለ ይጻፍልኝ።

ከሁሉ የገረመኝ ታሪኩ ነው። ፍሎሬስታን የሚባል ሰው ፒሳሮ የሚባል ሹም የሠራውን ግፍ በመናገሩ ማንም በማያውቀው የምድር ቤት ውስጥ ታስሯል። ሚስቱ ሊዮኖሬ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ፊዴሊዮ ነኝ ብላ እስር ቤቱ ትቀጠራለች። ሹሙ፣ ሚኒስትሩ ሊጎበኝ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰው እስረኛውን ገድሎ ለመቅበር ያዛል። መቃብሩን ከዘበኛው ጋር የምትቆፍረው ያቺው ሚስቱ ናት፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ያለው ሰው ባሏ ይሁን አይሁን ገና ሳታረጋግጥ። በመጨረሻ መለከት ይነፋል፣ ሚኒስትሩ ይደርሳል፣ እስረኞቹ ወደ ብርሃን ይወጣሉ። የራዲዮኗ ዜማ ሚኒስትሩ ለእነዚያ እስረኞች ስለ ወንድማማችነት ከሚዘምርበት ቦታ የተወሰደች ናት።

ይህ ኦፔራ ቪየና ላይ መጀመሪያ የታየውም በመፀው ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 20 ቀን 1805። የናፖሊዮን ጦር ከተማዋን ከያዘ ገና ሳምንቱ ነበር። ከቤትሆቨን ወዳጆች ከተማዋን ለቀው የሸሹ ብዙ ናቸው፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት በአብዛኛው የፈረንሳይ መኮንኖች ነበሩ። ሦስት ጊዜ ታይቶ ወረደ። ዛሬ የምናውቀው መልኩን ያገኘው በ1814 ነው። ስለ እስረኛ ነጻነት የተጻፈ ሙዚቃ በወራሪ ወታደር ፊት ተጀመረ፤ ከ170 ዓመት በኋላ ደግሞ በጌዶ አንዲት ጭቃ ቤት ውስጥ፣ ጆሮ ላይ ተለጥፎ ተሰማ።

ካሴቱን ይዤ ጌዶ መጣሁ። አባቴ በሕይወት ነበር። ዜማዋ ስትደርስ ቀና አለ።

"ይህ እኮ የዜና ምልክት ነው!" አለኝ። "ሙዚቃ ነው እንዴ?"

ታሪኩን ነገርኩት። ጉድጓዱ ጋ ስደርስ አስቆመኝ።

"ቆይ፣ የቆፈረችው ሚስቱ ናት?"

"አዎ፣ ሚስቱ ናት።"

ዞር ብሎ እናቴን አያት። ፋኖሱን በነጠላዋ ጋርዳ የያዘችለትን ሌሊት ያሰበ መሰለኝ። ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። "እናንተ ሰዎች፣ ድምፁን ቀንሱት" አለች።

እንግዲህ መጽሐፍና ሙዚቃ ቤት ቁጭ ብሎ ማጣጣም የቅንጦት ነገር ነው፣ የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው ለሚሉኝ መልሴ ይህ ነው። ቅንጦት ከሆነ መንግሥታት ለምን ይህን ያህል ፈሩት? አንዱ "አልወለድም"ን ከለከለ። የሚቀጥለው ሁሉንም መጽሐፍ ጉድጓድ አስገባ። በ1975 ዓ.ም. "ኦሮማይ" በወጣ በጥቂት ጊዜ ከየመደብሩ ተለቀመ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ምሽቱ፣ የመረጠውን እያነበበና የመረጠውን እየሰማ ሲቀመጥ ለጥቂት ሰዓት የማንም አይደለም፤ የራሱ ነው። ይህ ነው የሚያስፈራው። የአንድን አገር ሰላም መለካት የፈለገ ሰው ከመግለጫው በፊት ማታ በየቤቱ ይዙር፤ ሰው ምን ያህል ድምፅ ከፍቶ እንደሚያዳምጥ ይስማ።

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ መጣች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስልኬን ቀምታ የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ፒያኖ ከፈተች።

"ጋሼ፣ ይህ የፈረንጅ ነው?"

"የለም፣ የእኛ ናቸው። መነኩሲት ናቸው።"

አላመነችኝም። ድምፁን ጨመረችና ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና "ድምፁን ቀንሺው" አለች።

"ለምን አኮ? ማን ይሰማናል?" አለች ልጅቱ። አኮ አያት ማለት ነው።

እናቴ መልስ አጣች። እኔም አጣሁ። ስንቱን ከየት ጀምሬ ልንገራት? ስለ ጉድጓዱ፣ ስለ በርበሬው፣ ስለ ቁንጥጫዬ? ልጅቱ መልስ ስታጣ ድምፁን ባለበት ተወችው። እናቴ ተነሳች፤ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ ጨለማውን ጥቂት አየችው። ውጪ ዝናብ የለም፣ ብራ ነው፤ ኮከቡ ተዘርግፏል።

ከዚያ መስኮቱን ዘግታ ተመልሳ ተቀመጠች።

አልፈረድኩባትም፤ ጊዜው ገና መስኮት የሚያስከፍት አይደለም። ግን ከተቀመጠች በኋላ "ቀንሺው" አላለችም። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ሲያልቅ "እኒህ ሴትዮ አዝነዋል መሰለኝ" አለች።

ለዘንድሮ መፀው ይኼም አይናቅም። መስኮቷን ሳትዘጋ የምታዳምጥበት መፀው ደግሞ ይምጣልን።